አንድ ዞን ሲቀውስ ሰርቨሩ በሙሉ ለምን ይቆማል? (ስለ ሶላሪስ 11 ኦፐሬቲንግ ሲስተም ለጠየቀው)

ወንድሜ፣ «ሦስት ዞን አለኝ፣ ለእያንዳንዱ ፊዚካል 8 ጊጋ ካፕ አድርጌያለሁ፤ ግን አንዱ ሲያብድ 64 ጊጋ ያለው ማሽን በሙሉ ይደርቃል፣ ግሎባሉም አያስገባኝም» ብለሃል። ዞን ማለት በአንድ ማሽን ውስጥ እንደ ራሱን የቻለ ሰርቨር የሚሠራ ክፍል ነው፤ ግሎባሉ ደግሞ ሁሉንም የሚያስተዳድረው ዋናው ነው። የጎደለህ የስዋፕ ካፕ ነው፤ ማለትም ዞኑ ከራምና ከዲስክ ስዋፕ ድምር ሊያስይዝ የሚችለው ጣሪያ። ሃርድዌር ግዛ የሚሉህን አትስማ።

1. ፊዚካል የሚባለው ካፕ አጥር አይደለም። አርካፕዲ የሚባል ዴመን (ከጀርባ የሚሠራ ፕሮግራም) አልፎ አልፎ ዞር እያለ ይለካል፤ ዞኑ ካፑን ካለፈ ገጾቹን ወደ ዲስክ ይገፋል። ዞኑ ተጨማሪ ሜሞሪ እንዳይጠይቅ ግን አይከለክልም። ሶላሪስ ደግሞ እንደ ሊኑክስ በሌለው አያበድርም፤ ፕሮሰሱ ገና ሳይጽፍበት የጠየቀው ያህል ከስዋፕ ላይ ተቆርጦ ይያዝለታል። ሲያልቅ ፕሮሰስ መርጦ የሚገድል የለም፤ የጠየቀ ሁሉ «ኖት ኢነፍ ስፔስ» ተብሎ ይመለሳል። ኤስኤስኤች የማያስገባህም ፎርክ ማድረግ (አዲስ ፕሮሰስ መፍጠር) አቅቶት ነው።

አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው /ቴምፕ ነው። ቲኤምፒኤፍኤስ (ሜሞሪ ላይ የሚቀመጥ ፋይል ሲስተም) ስለሆነ እዚያ ያስቀመጥከው ፋይል የሚበላው ስዋፕ ነው። አንድ ሰው የ20 ጊጋ ዳምፕ እዚያ ይፈታል፤ ኮንሶሉ «ፋይል ሲስተም ፉል፣ ስዋፕ ስፔስ ሊሚት ኤክሲድድ» ይላል፤ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቃላት ብቻ ያነበበ አድሚን ዲስክ ሊያጸዳ ይሮጣል። ዜድፑሉ (የዲስክ ማከማቻው) እኮ ግማሹ ባዶ ነው!

ከግሎባሉ ላይ እንዲህ አድርግ (አፕ1 በሚለው ቦታ የዞንህን ስም አስገባ)፦

ዞንሲኤፍጂ -ዜድ አፕ1
ሰሌክት ካፕድ-ሜሞሪ
ሴት ስዋፕ=12ጂ
ኤንድ
ኮሚት

ከዚያ ዞኑን ሪቡት አድርገው፤ ኮሚት ብቻውን እየሠራ ያለውን ዞን አይለውጠውም። ማቆም ካልቻልክ በፒአርሲቲኤል ትእዛዝ ዞን.ማክስ-ስዋፕን (ይኸው የስዋፕ ካፑ ነው) እየሠራ እያለ ማስገባት ይቻላል፣ ግን በሚቀጥለው ቡት ይጠፋል፣ ስለዚህ ኮንፊጉ ውስጥም ይኑር። 8 ሳይሆን 12 ያልኩህ ትልቅ ፕሮሰስ ፎርክ ሲያደርግ ለራሱ የያዘውን ያህል እንደገና ለአፍታ ስለሚያስይዝ ነው፤ ልክ በልኩ ከሰጠኸው ሌሊት ባክአፕ ሲነሳ ይወድቃል። በየዞኑ ቪኤፍኤስታብ (የማውንት ዝርዝር ፋይል) ላይም በ/ቴምፕ መስመር መጨረሻ ሳይዝ=2048ኤም ጨምር። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፦ ካፑ ሌሎቹን ዞኖች ያድናል፣ ሳይዙ ደግሞ ያንኑ ዞን ከራሱ ያድነዋል።

2. ዳታቤዝ ያለበት ዞን ከሆነ እዚያው ካፕድ-ሜሞሪ ውስጥ ሎክድ (ራም ላይ መቆለፍ የሚቻለው ጣሪያ) የሚለውንም ሙላ፣ ለምሳሌ 6ጂ። የተቆለፈ ሜሞሪን አርካፕዲ መግፋት አይችልም። ዳታቤዙ ከ8ቱ ሰባት ተኩሉን ቢቆልፍ ዴመኑ የቀሩትን ምስኪን ፕሮሰሶች ብቻ ሲደበድብ ይውላል። አርካፕስታት -ዜድ 5 ብለህ የሚገፋው መጠን በየመስመሩ እየጨመረ ካየህ ይኸው ነው። የዜድኤፍኤስ ካሽ (ኤአርሲ) በየትኛውም ዞን ሂሳብ ላይ አይጻፍም፤ ስለዚህ 64ቱን ሁሉ ለዞኖች አታከፋፍል።

3. ለዞኖቹ ሲፒዩ ሼር (የሲፒዩ ድርሻ) ከሰጠህ የሲስተሙ ዲፎልት ስኬጁለርም በድርሻ የሚያከፋፍለው ኤፍኤስኤስ ይሁን (ዲስፕአድሚን -ዲ ኤፍኤስኤስ)። ከቲኤስ (ከተለመደው ስኬጁለር) ጋር በአንድ ሲፒዩ ሲደባለቅ ድርሻው አይከበርም። የግሎባሉ ድርሻ ሳይነካ ከቆየ 1 ነው፤ ለእሱም 20 ያህል ስጠው፣ አለበለዚያ በጭንቅ ሰዓት ገብተህ ለማዳን ተራ ትጠብቃለህ።

ዲትሬስ (የፕሮሰስ መከታተያው) በዞኑ ውስጥ እንዲሠራ ሊሚትፕሪቭን (ለዞኑ የሚፈቀዱትን ፕሪቪሌጆች ዝርዝር) እነካለሁ ስላልከው ደግሞ፦ ዝርዝሩን ሁልጊዜ «ዲፎልት» በሚለው ጀምር፣ ከዚያ በኮማ ዲትሬስ_ፕሮክ እና ዲትሬስ_ዩዘር አስከትል። ዲፎልትን ከረሳህ ቀድሞ የነበረውን ሁሉ ሰርዘህ በሁለቱ ብቻ ተካህ ማለት ነው፤ ዞኑ የግድ የሚፈልገው ፕሪቪሌጅ ጎደለ ብሎ ቡት አያደርግም።

አሁን ማሽኑ ደህና እያለ ከግሎባሉ ላይ የስዋፕ -ኤስ እና የዞንስታት 5 ውጤት ለጥፍልን፤ 12ቱ ይበቃ እንደሆነ በዚያ እናየዋለን።