ዜግነቱ እስኪመጣ አትጠብቂ

እህቴ፣ መልእክትሽ ደርሶኛል። አገር ቤት 6 ዓመት በሂሳብ ሠራተኝነት ሠርተሻል፣ ከናይሮቢ በስደተኝነት ፒአር (የቋሚ ነዋሪነት ፈቃድ) ይዘሽ ቶሮንቶ ከገባሽ 2 ዓመት ሆኖሻል፣ አሁን ዌርሃውስ (መጋዘን) ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ላይ ነሽ። እንግሊዝኛውን «ለዜግነት ይበቃሻል» ስላሉሽ በካናዳ የቋንቋ መመዘኛ ደረጃ 4 ላይ አቋርጠሽዋል። የሙያ ሥራውን ዜግነት ከያዝኩ በኋላ ተረጋግቼ ብፈልግስ ነው ጥያቄሽ።

በፍጹም እንዳታደርጊው። ፌዴራል መንግሥቱ ለአዲስ መጤዎች የሚከፍልላቸው አገልግሎቶች፣ ሊንክ የሚባለው የቋንቋ ትምህርት፣ የሥራ ፍለጋ ድጋፉ፣ በሙያሽ ከቆየ ሰው ጋር የሚያገናኝሽ ፕሮግራም፣ እነዚህ ሁሉ በነጻ የሚሰጡት ፒአር ላላቸውና ጥገኝነታቸው ለጸደቀላቸው ነው። ዜጋ ስትሆኚ ከዚህ ትወጫለሽ። እርግጥ ኤምፕሎይመንት ኦንታሪዮን የመሳሰሉ የክፍለ ሀገሩ አገልግሎቶች ይቀሩልሻል፣ ግን ያለሽን ለምን ትጥያለሽ? ለዜግነት ለማመልከት የሚፈለገው በ5 ዓመት ውስጥ 1,095 ቀን ካናዳ መኖር ነው፣ አንቺ ደግሞ ብዙውን ጨርሰሻል።

ደረጃ 4 ለዜግነት ይበቃል፣ ልክ ናቸው። ሂሳብ ክፍል ስትገቢ ግን ክፍያ የዘገየበት ነጋዴ ተቆጥቶ ይደውላል፣ በእንግሊዝኛ ማስረዳት ያለብሽ አንቺ ነሽ። የተማሩ መጤዎችን ወደ ሙያቸው የሚመልሱት ፕሮግራሞችም ብዙ ጊዜ 7 ወይም 8 ይጠይቃሉ። ስለዚህ ተመለሺ። ኦንላይን የሚሰጥ ክፍል አለ። ልጄን የት ላድርጋት ላልሽው፣ አንዳንዱ ማዕከል እናት ተምራ እስክትወጣ ልጅ ይይዛል፣ ስትመዘገቢ ጠይቂ።

ለሥራ ፍለጋ ድጋፉ ማዕከሉ ስትሄጂ እባክሽ «ያገኘሁትን እሠራለሁ» አትበይ። ብዙዎቻችን ትሕትና እየመሰለን እንላለን፣ ተቀባይዋም ያልሽውን ትመዘግባለች፣ ከዚያ የሚደወልልሽ ለሌላ ዌርሃውስ ነው። «የሂሳብ ባለሙያ ነኝ፣ ፔይሮል (የደመወዝ ሂሳብ) ሠርቻለሁ፣ ወደዚያ መመለስ እፈልጋለሁ» በይ። የፒአር ወረቀትሽንና ሲቪሽን ይዘሽ ሂጂ።

ሲፒኤ (የተመሰከረለት የሂሳብ ባለሙያ ማዕረግ) ከሌለኝ ማን ይቀጥረኛል ብለሽ አትፍሪ። ሲፒኤ ነኝ ማለት አትችይም እንጂ ፔይሮል ወይም የክፍያ ሂሳብ ላይ ለመቀጠር ፈቃድ አያስፈልግም። ዲግሪሽን ግን የውጭ አገር የትምህርት ማስረጃ በሚገመግመው ድርጅት፣ በዌስ፣ አስገምግሚ። ትራንስክሪፕቱን የሚልከው ራሱ ዩኒቨርሲቲው ስለሆነ ጊዜ የሚበላው እሱ ነው፣ አገር ቤት ያለ ሰውሽን በዚህ ሳምንት ሬጅስትራር ላኪው።