ማሽንህ «እምም» ብሎ ካልተነሳ ሞተር ጠቅላይ ጋ ሳትሄድ ይሄን አንብብ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። ደብረ ብርሃን ላይ ላቫጆ ከፍተሃል። በመብራት የሚሰራው የመኪና ማጠቢያ ማሽንህ ማታ ደህና ሲሰራ አምሽቶ ጠዋት «እምም» ብቻ እያለ አልነሳ አለህ። ያየልህ ባለሙያም ሳይከፍተው «ሞተሩ ተቃጥሏል፣ ይጠቅለል» አለህ፣ ማለትም የውስጡ ሽቦ ወጥቶ በአዲስ ይተካ ነው። እባክህ ገንዘቡን አትስጠው። እኔም እዚሁ ደሴ መንገድ ላይ ላቫጆ አለኝ፣ ከአይሱዙ እስከ ባጃጅ አጥባለሁ፣ ያንተው ችግር በኔም ማሽን ላይ ደርሷል።

1ኛ. ድምፁን ለይ። «እምም» ካለ መብራቱ ሞተሩ ድረስ ገብቷል ማለት ነው። ስለዚህ ስፒናውንና ማብሪያውን ስትፈታ አትዋል፣ እነሱን የሚያስፈትሸው ጭራሽ ድምፅ የሌለው ማሽን ነው። አንድ ነገር ግን አጥብቄ እነግርሃለሁ። እያቃሰተ ማብሪያውን አብርተህ አትቁም። መዞር ያቃተው ሞተር ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ከረንት ይስባል። በሁለት ሰከንድ ካልተነሳ አጥፋው። ደህናውን ሞተር የእውነት የሚያቃጥለው «አሁን ይነሳል» እያሉ ደጋግሞ መሞከር ነው።

2ኛ. ግፊቱን አስወጣ። ማታ ስታጠፋው የውሃው ጎማ ውስጥ ግፊት ታስሮ አድሮ ይሆናል። ሞተሩ ከዛ ጋር እየታገለ መነሳት ያቅተዋል፣ መብራቱ ደከም ያለ ቀን ደግሞ ይብሳል። ውሃውን ክፈት፣ የውሃ መርጫውን ሽጉጥ ምላጭ ሳብ፣ አየሩ ወጥቶ ውሃው ሳይቆራረጥ ሲፈስ ምላጩን እንደያዝክ አብራ።

3ኛ. ውርጭ። ይሄን ከሌላ አገር የመጣ ባለሙያ አይነግርህም፣ ምክንያቱም አያውቀውም። ከተማችን 2800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ህዳርና ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱ ከዜሮ በታች የሚወርድበት ጊዜ አለ። ጠዋት ሳሩን ነጭ የሚያደርገው ብርድ ፓምፑ ውስጥ የቀረውን ውሃም አይምረውም። ውሃው በረዶ ሲሆን ይሰፋና ፒስተኑን ጨምድዶ ይይዘዋል። ሞተሩ ሊያዞረው ይሞክራል፣ አይችልም፣ «እምም» ይላል። ማሽኑን ውጭ አሳድረኸው ከሆነ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ይሄን ነው።

ከነጎማው ከነሽጉጡ ቤት አስገባውና በራሱ ጊዜ ይቅለጥ። የፈላ ውሃ እንዳትደፋበት፣ ፕላስቲኩም ጎሚኒውም አይችለውም። ከቀለጠ በኋላ ሳታበራ ውሃ ብቻ ክፈትበትና ፓምፑን ከስር እይ። የሚያንጠባጥብ ከሆነ በረዶው የፓምፑን ራስ ሰንጥቆታል ወይም ጎሚኒውን አበላሽቶታል። ያኔም ቢሆን የሚጠገነው ፓምፑ ነው፣ ሞተሩን ማንም እንዳይነካብህ። ከዛሬ ጀምሮ ማታ ስትጨርስ ውሃውን ዝጋ፣ የመግቢያውን ጎማ ንቀል፣ ምላጩን ይዘህ ለጥቂት ሰከንድ አስነሳውና የቀረው ውሃ ይውጣ። ከዛ ቤት ይደር። በባዶው ግን ብዙ አታሰራው፣ ፓምፑ ያለ ውሃ ሲሰራ ይበላል።

4ኛ. የመብራቱ አቅም። እኔን ያንገበገበኝ እዚህ ጋ ነው።

የኔ ማሽን 2200 ዋት ነው። በ220 ቮልት ስታካፍለው 10 አምፔር ይመጣል፣ ሲነሳ ደግሞ ለቅጽበት ከዛ በብዙ ይበልጣል። የማጥብበት ቦታ በሩ አካባቢ ነው፣ ቆጣሪው ደግሞ ጓሮ። መሃል ላይ ያለው ኤክስቴንሽን ለቴሌቪዥን የሚሆን ቀጭን ገመድ ነበር፣ መገጣጠሚያው በናስትሮ የተጠቀለለ። ማሽኑ እምቢ ሲለኝ አዲስ አበባ ወስጄ አንድ የታወቀ ጥገና ቤት ሰጠሁት። ስማቸውን እዚህ አልጠራም። ሰውየው ቴስተር (የመብራት መለኪያውን) አላወጣም፣ ክዳኑን እንኳ አልፈታም፣ «ተቃጥሏል» ብሎ ሂሳብ ነገረኝ። የተቃጠለውን ላየው ስለው «አጣቢ ስለ ሞተር ምን ያውቃል?» አለኝ፣ ሰው ፊት። ይሄ ንግግር እስከዛሬ ከሆዴ አልወጣም። ልጆቼን የማሳድገው በዚሁ ሥራ ነው።

ጠቀለሉት። እዛው ሲሞክሩት ተነሳ። እቤት ሳመጣው ያው «እምም»። ስደውል «እንግዲህ የአካባቢያችሁ መብራት ነው» ብሎ ዘጋብኝ። የመብራት ችግር መሆኑን ካወቀ ከመጠቅለሉ በፊት ለምን አልነገረኝም? የወጣውን አሮጌ ሽቦ ግን ለምኜም ተቆጥቼም ተቀብዬ ነበር። የተቃጠለ ሽቦ ይጠቁራል፣ ቫርኒሹ ይላጣል፣ ሽታው አፍንጫ ይሰነጥቃል። የኔ እንደ አዲስ ያብረቀርቅ ነበር። አንተም ወደፊት ሞተር ካስጠቀለልክ ሲፈታ ቁመህ እይ፣ አሮጌውንም ሽቦ ሳትይዝ አትውጣ።

ከዚያ ወዲህ ቴስተር ገዛሁ። ሶኬቱ ላይ ስለካው 215 ቮልት ያሳያል፣ ደህና ይመስላል። ማሽኑን ሳበራው ግን እያየሁት 160 ቤት ወረደ። ስለዚህ ቮልቴጅ የምትለካው ማሽኑ ሊነሳ ሲታገል ነው፣ ዝም ብሎ የተለካ ቁጥር ያታልልሃል። በዛው ሰዓት ጓሮ አከራዬ እትዬ በኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ እየጋገሩ ነበር። አንድ ምጣድ ብቻውን ከ3000 ዋት በላይ ይጎትታል፣ ቆጣሪያችን ደግሞ አንድ ነው። እስኪጨርሱ ጠበቅኩና ከብሬከሩ ላይ በቀጥታ ውፍረቱ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር የሆነ አጭር ኬብል አስቀጥዬ ሞከርኩት። በአንድ ጊዜ ተነሳ። አሁን ኬብሉ በሙሉ 2.5 ነው፣ መሬት መስመሩም አብሮ አለ፣ ውሃ ያለበት ቦታ ስለሆነ እሱን በፍጹም እንዳትተወው። ከእትዬም ጋር ተስማምተናል፣ እስከ 3 ሰዓት ምጣዱ የእሳቸው፣ ከዛ በኋላ ማሽኑ የኔ።

ስታቢላይዘር (ቮልቴጅ ማስተካከያ) ግዛ የሚልህ ይኖራል። የቴሌቪዥኑን ትንሽዬ ስታቢላይዘር አምጥተህ 2000 ዋት ሞተር ብታስነሳበት እሱ ራሱ ነው የሚቃጠለው። መጀመሪያ ገመዱን አወፍር፣ ኤክስቴንሽን ጥቅል ከሆነም ሙሉ ዘርጋው፣ ተጠቅልሎ ሲሰራ ይግላል።

ይሄ ሁሉ ተስተካክሎም «እምም» ካለ ካፓሲተሩን እይ፣ ሞተሩ እንዲነሳ የሚያግዘው ዕቃ ነው። ሲሰራ እንደ ወፍጮ የሚጮኸው ማሽን ባለ ካርቦን ነው፣ እሱ ካፓሲተር አያስፈልገውም። ድምፁ ረጋ ያለው፣ ክብደት ያለው ሞተር ግን ጎኑ ላይ ክብ ጣሳ የመሰለ ነገር አለው። ካበጠ ወይም ዘይት ነገር ካፈሰሰ ሞቷል። ስትቀይር የተጻፈበት ማይክሮፋራድ ያው ይሁን፣ ቮልቱ ደግሞ እኩል ወይም ከዛ በላይ። ስፒናውን ነቅለህም ቢሆን ሁለቱን ጫፍ በባዶ እጅ አትንካ፣ የያዘውን ኤሌክትሪክ ሊለቅብህ ይችላል። ኤሌክትሪሽያን ያራግፍልህ። ዋጋው ከማስጠቀለል ጋር አይወዳደርም። እኔ አሁን አንድ ትርፍ አስቀምጫለሁ፣ መንገዱ ላይ ያሉ ላቫጆዎች ሲቸግራቸው እኔ ጋ ነው የሚመጡት።

ሸዋ ሮቢት ያለ ዘመዴ ደግሞ ሌላ ዓይነት ጣጣ አለበት። እዛ ቆላ ስለሆነ ቀትር ላይ ሞተሩ ሲግል መከላከያው ራሱ ያጠፋዋል። ጥላ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ሲያሳርፈው ይነሳል። ያንተ ግን ጠዋት በብርድ ስለሆነ በዚህ አትድከም።

አሁን እንዲህ አድርግ። ማሽኑ ላይ የተለጠፈውን ዋትና ቮልት የሚናገረውን ጽሁፍ ፎቶ አንሳ፣ ማታ የት እንዳሳደርከው ጻፍልኝ፣ ቴስተር ከተገኘም ስታበራው ቁጥሩ ስንት ላይ እንደሚወርድ ንገረኝ። ቴስተር ካጣህ የኔን መጥተህ ውሰድ።