በወር 1.5 ከመቶ የተባለው ብድር በእርግጥ ስንት ያስከፍላል?

ጥያቄ፦ አነስተኛ ድርጅታችን ለጥሬ ዕቃ መግዣ የ100,000 ብድር ሊወስድ ነው። ብድሩ በስድስት ወር ውስጥ በየወሩ በእኩል ክፍያ ተከፍሎ ያልቃል። ወለዱ በወር 1.5 ከመቶ ሆኖ እስከ መጨረሻው በመነሻው ብድር ላይ ይታሰባል፤ ገንዘቡ ሲለቀቅም 2 ከመቶ የአገልግሎት ክፍያ ይቀነሳል። የሒሳብ ሠራተኛችን የዓመቱ ወለድ 18 ከመቶ ነው ሲሉ፣ ሸሪኬ ከዚህ እጅግ ይበልጣል ይላሉ። ልክ የሆኑት ማን ናቸው?

መልስ፦ ልክ የሆኑት ሸሪክዎ ናቸው። 18 የተገኘው 1.5 በ12 ተባዝቶ ሲሆን፣ እውነት የሚሆነው መቶ ሺሁ እስከ መጨረሻው ሳይጎድል በእጅዎ ቢቆይ ብቻ ነበር። እርስዎ ግን ከመጀመሪያው ወር አንሥቶ ዋናውን ገንዘብ እየመለሱ፣ ለመለሱትም ጭምር ወለድ መክፈልዎን ይቀጥላሉ። በስድስተኛው ወር በእጅዎ የሚቀረው ከብድሩ አንድ ስድስተኛው ብቻ ሆኖ ሳለ የወሩ ወለድ ያው 1,500 ነው።

ስለዚህ ወጪውን በትክክል በእጅዎ ከቆየው ገንዘብ ጋር ያነጻጽሩት። የስድስት ወሩ ወለድ 9,000፣ የአገልግሎት ክፍያው 2,000፣ በድምሩ 11,000 ነው። በእጅዎ የሚቆየውን አማካይ ገንዘብ ለማግኘት የመጀመሪያውን ወር 100,000 እና የመጨረሻውን ወር 16,667 ደምረው ለሁለት ቢያካፍሉ 58,333 ይሆናል። 11,000 ለዚህ ሲካፈል ለስድስት ወር 19 ከመቶ ገደማ፣ በዓመት ሲታሰብ ደግሞ 38 ከመቶ ገደማ ይመጣል። የተቀበሉትን 98,000 እና ስድስቱን የ18,167 ክፍያዎች በኤክሴል ቢያሰሉም ውጤቱ 37.5 ከመቶ አካባቢ ነው።

ከመፈረምዎ በፊት ውሉ የግዴታ ቁጠባ ይኖረው እንደሆነ በጥንቃቄ ያንብቡ፤ ብዙ ተበዳሪ የሚጎዳው በዚህ ነውና። ከብድሩ 10 ከመቶው ያለ ወለድ ተይዞ በመጨረሻ የሚመለስ ከሆነ፣ ያ 10,000 ለሥራዎ አንድም ቀን ሳይውል ወለድ ይከፈልበታል፤ የብድሩም ዋጋ በዓመት ወደ 45 ከመቶ ይወጣል። ቀድመው ቢከፍሉ የቀሪዎቹ ወራት ወለድ ይነሣልዎት እንደሆነም ይጠይቁ። ካልተነሣ፣ ቀድሞ መክፈል ብድሩን ይበልጥ ያስወድደዋል።

38 ከመቶ መሆኑ ብቻውን ግን ብድሩን አይውሰዱ አያሰኝም። የዓመቱ መቶኛ የሚጠቅመው አንዱን ብድር ከሌላው ለማነጻጸር ነው፤ ለመወሰን ግን 11,000ውን፣ ጥሬ ዕቃው በስድስት ወር ውስጥ ከሚያስገኝልዎ ትርፍ ጋር ይመዝኑ። ዕቃ አቅራቢዎ በ30 ቀን ፋንታ በ10 ቀን ለሚከፍል 2 ከመቶ የሚቀንስ ከሆነ፣ ቅናሹን መተው ራሱ ለ20 ቀን 98 ተበድሮ 2 ወለድ እንደ መክፈል ስለሆነ በዓመት 37 ከመቶ ገደማ ያስወጣዎታል። ይህ ደግሞ ከብድርዎ ዋጋ ጋር እኩል ሊባል የሚችል ነው፤ ስለዚህ የሚበደሩት ያን ቅናሽ ለማግኘት ብቻ ከሆነ፣ አቅራቢውን በ30ኛው ቀን መክፈሉ ይሻልዎታል።