ቺፑ ውስጥ የገባው ፍሎራይድ የት ቀረ?

ጥያቄ፦ ለፔት ስካን (የሰውነትን ውስጥ በጨረር ለሚያሳይ ምርመራ) የሚሆን ትሬሰር፣ ማለትም ጨረር የሚያወጣ መከታተያ ውህድ፣ በማይክሮፍሉዊዲክ ቺፕ (ፈሳሽ የሚያልፍባቸው ቀጫጭን ቦዮች ባሉት ትንሽ ሰሌዳ) እየሠራን ነው። ቺፑ ፒዲኤምኤስ ከሚባለው የሲሊኮን ጎማ የተሠራ ነው። 400 ሜጋቤክሬል (የጨረር መጠን መለኪያ) ፍሎሪን-18፣ ማለትም ጨረር አመንጪ ፍሎሪን፣ በፍሎራይድ መልክ አስገብተን ከ40 ደቂቃ በኋላ የምናገኘው 140 ብቻ ነው። ቲኤልሲው (ከወጣው ፈሳሽ ጨረር ስንት እጁ ትሬሰር እንደሆነ የሚያሳየው ፍተሻ) ግን 90 በመቶ ተሳክቷል ይላል። ሙቀቱን ብንጨምር ይሻላል?

መልስ፦ ሙቀቱን ለጊዜው አትንኩት። መጀመሪያ ሂሳቡን እናጥራ።

የፍሎሪን-18 ግማሽ ዕድሜ 110 ደቂቃ ገደማ ነው። ስለዚህ ጠብታ ባይባክን እንኳ 400ው በ40 ደቂቃ ውስጥ ወደ 311 ይወርዳል። የእናንተ 140 የዚህ 45 በመቶ ነው። ቲኤልሲው ደግሞ የሚያየው የወጣውን ፈሳሽ ብቻ ነው፤ ውስጥ ተጣብቆ የቀረውን አያውቅም። 45ቱን በ90 በመቶ ስታባዙት እውነተኛው ምርት 40 በመቶ ግድም ይሆናል። በቲኤልሲ ቁጥር ብቻ የሚደሰት ሰው ብዙ ነው፤ እናንተ ቢያንስ ጠርጥራችኋል።

አሁን የጎደለውን ፈልጉ። ሥራው እንዳለቀ ቺፑን፣ ቱቦዎቹን፣ የቆሻሻ መያዣውንና የጋዝ ማጣሪያውን ለየብቻ በዶዝ ካሊብሬተር (በጨረር መለኪያው መሣሪያ) ለኩ። ጨረሩ በየደቂቃው ስለሚቀንስ ንባቦቹን ሁሉ በአንድ ቅጽበት እንደተለኩ አድርጋችሁ አስተካክሉና ደምሩ። ቺፑ እንደ ጠርሙስ ስላልሆነ ንባቡ ትንሽ ሊዛባ ይችላል። ብዙው እዚያ ከቀረ ግን መታየቱ አይቀርም።

እኔ የምጠረጥረው ጎማውን ነው። ፍሎራይድ ከሲሊከን ጋር አጥብቆ ይያያዛል፣ ፒዲኤምኤስ ደግሞ ሲሊከን የሞላበት ነው። ለማረጋገጥ ፕሪከርሰሩን (ፍሎራይዱ የሚያያዝበትን መነሻ ውህድ) ትታችሁ የደረቀውን ፍሎራይድ ከክሪፕቶፊክስ (ፖታሲየሙን ይዞ ፍሎራይዱን ለሪአክሽን ነጻ ከሚያደርገው ውህድ) እና ከፖታሲየም ካርቦኔት ጋር ብቻ በዚያው ሙቀት አሳልፉ። ከዚያ ቺፑን በአሴቶናይትራይል (ሪአክሽኑ በሚካሄድበት ማሟሟያ)፣ ቀጥሎ በውሃ እጠቡት። ውሃው ጠራርጎ ካወጣው ችግሩ ቺፑ አይደለም፤ አሴቶናይትራይል ውስጥ በደንብ የማይሟሟው ካርቦኔት ቦዩ ውስጥ ዘቅጧል ማለት ነው። መጠኑን ቀንሱ፣ ወይም በእሱ ምትክ አሴቶናይትራይል ውስጥ በደንብ ወደሚሟሟው ጨው፣ ወደ ቴትራቡቲልአሞኒየም ባይካርቦኔት ዙሩ። በውሃም ካልወጣ ቺፑን ቀይሩ። ያንኑ ሙከራ በቀጭን የቴፍሎን ወይም የፒክ (ሙቀት የሚችል ጠንካራ ፕላስቲክ) ቱቦ ድገሙት። የተጠቀለለ ቱቦ ለፎቶ አያምርም እንጂ ሥራውን ይሠራል። መስታወትም ጥሩ ነው፣ ግን እሱም የተወሰነ ፍሎራይድ ይይዛል።

ወደ ሙቀቱ ስንመለስ፦ አሴቶናይትራይል በ82 ዲግሪ ይፈላል። ከዚያ በላይ ለመሄድ መውጫው ላይ ግፊት መያዝ ያስፈልጋል። አለበለዚያ አረፋ ይፈጠርና ሪአክሽኑ ሳያልቅ ፈሳሹን ገፍቶ ያወጣዋል። ፒዲኤምኤስ ደግሞ ትነት ያሳልፋል፣ ከፍ ያለ ግፊትም አይችልም። በዚህ ቺፕ ላይ ሙቀት መጨመር ኪሳራውን ቢያብሰው እንጂ አይቀንሰውም።

ቺፑን ከፍታችሁ ማየት ካማራችሁ፣ ከእርሳስ ከለላው ጀርባ አሳድሩት። ከ18 ሰዓት ገደማ በኋላ ከነበረው ጨረር ከሺህ አንድ እጅ ያህል ብቻ ይቀራል። ያኔም ቢሆን ሳትለኩ አትክፈቱት።