«ላንተ ብዬ ነው የተሰደድኩት»

ጥያቄ፦ እንደምን ሰነበቱ። የምኖረው አዳማ ነው። የ14 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። አራት ዓመት ሲሆነው፣ በ2008 ዓ.ም.፣ ለእናቴ ትቼው ቤሩት ሄድኩ። ስምንት ዓመት ሰው ቤት ሠርቼ የዛሬ ሁለት ዓመት ተመለስኩ። የተሰደድኩት ለሱ ስል ነው። የግል ትምህርት ቤት ያስተማርኩት፣ ልብስና ጫማ ያላጎደልኩበት፣ ስልክ ገዝቼ የላክሁለት እኔ ነኝ። የወደቡ ፍንዳታ ጊዜም እዚያው ነበርኩ፤ ያን ጊዜ ሁለት ቀን ስልኬ አልሠራ ብሎ ነው እንጂ ሳልደውል የዋልኩበት ቀን የለም። «በላህ? ታጠብክ? አጠናህ?» እያልኩ በስልክ አሳደግኩት።

አሁን ልጄን ካርቱን ወሰደብኝ። ናሩቶ የሚባል የጃፓን ካርቱን ነው። ከቴሌግራም እያወረደ ሌሊቱን ሙሉ ያያል፤ ደብተሩን በሥዕል ሞልቶታል። ጣቶቹን እያጣመረ የሆነ ምልክት ይሠራል። ጎረቤቴ «ሆዱ ውስጥ ቀበሮ ስለገባበት ልጅ ነው የሚያወራው፣ ሰይጣን አለበት» አለችኝ። እናቴ ባለፈው ጥቅምት ካረፈች ወዲህ ብሶበታል። በአርባዋ ዕለት እንኳ ቤቱ እንግዳ ሞልቶ እሱ ጓዳ ገብቶ ስልኩን ሲያይ አገኘሁት፤ ሰው ፊት አፈርኩ። በቀደም ደግሞ ረጅም ቀይ ፀጉር ያላት፣ ሕፃን የታቀፈች ጋኔን መሳይ ሴት ሥሎ ከእመቤታችን ሥዕል አጠገብ ለጠፋት። ቀዳድጄ ጣልኩት። ከዚያ ወዲህ አያናግረኝም። ቁርጥራጩን ከቆሻሻ ውስጥ ለቅሞ ደብተሩ ውስጥ ከትቶታል። ድሮም «እማዬ» የሚለው እናቴን ነበር፤ እኔን በስሜ ነው የሚጠራኝ። ዘንድሮ የስምንተኛ ክፍል ተፈታኝ ነው። ስልኩን ልቀማው ወይስ ጠበል ልውሰደው?

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን መጀመሪያ ሳነበው የስልክ ጉዳይ መስሎኝ ነበር። የስልክ ጉዳይ ቢሆን ኖሮ መልሱ አጭር ነው፤ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ። ያስቆመኝ የቀደድሽው ሥዕል ነው። ሥዕሉን አላየሁትም፤ አንቺ የነገርሽኝን ብቻ ይዤ ነው የምናገረው። ግን ናሩቶን የሚከታተል የሰፈርሽን ልጅ ጠርተሽ «ረጅም ቀይ ፀጉር ያላት፣ ሕፃን የታቀፈች ሴት ማን ናት?» ብትይው ሳያስብ ይመልስልሻል። ኩሺና ትባላለች። የናሩቶ እናት ናት።

ከእመቤታችን አጠገብ የለጠፋትም ለፌዝ አይመስለኝም። ልጅ የታቀፈች እናት የተሰቀለችበትን ቦታ አይቶ ነው ያስቀመጣት።

ታሪኩን ልንገርሽ፤ ልጅሽ ያለው እዚያ ውስጥ ስለሆነ ትንሽ ታገሺኝ። ማሳሺ ኪሺሞቶ የሚባል ጃፓናዊ ሠዓሊ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1999 እስከ 2014 በሳምንታዊ መጽሔት ላይ እየሣለ ያወጣው ባለ 700 ምዕራፍ ማንጋ፣ ማለትም በተከታታይ ሥዕል የሚተረክ ታሪክ፣ ነው። ወደ አኒሜ፣ ማለትም ወደ ጃፓን ካርቱን ፊልም፣ ሲቀየር በሁለት ተከታታዮች ወጥቶ በድምሩ 720 ክፍል ሆነ። ሌሊቱ ለምን እንደማይበቃው ከዚህ ትረጃለሽ።

ጎረቤትሽ ስለ ቀበሮው አልዋሸችም። ናሩቶ በተወለደበት ሌሊት ዘጠኝ ጅራት ያለው አውሬ ቀበሮ መንደሩን ሊያጠፋ ይነሣል። አባትየው አውሬውን አራስ ልጁ ሆድ ውስጥ አሽጎ መንደሩን ያድናል፤ አባትም እናትም ያኔውኑ ይሞታሉ። ልጁ ግን ይህን የሚነግረው ሰው የለም። የሚያውቀው ብቻውን እንደሚያድር፣ በመንገድ ሲያልፍ ሰው ፊቱን እንደሚያዞርበት ነው። ሌሎቹን ልጆች ወላጆቻቸው ከትምህርት ቤት ደጃፍ ሲቀበሏቸው እሱ ዥዋዥዌ ላይ ቁጭ ብሎ ያያል። የጣቶቹም ምልክት ቢሆን 12 ዓይነት ነው፤ አይጥ፣ በሬ፣ ነብር እየተባሉ በሩቅ ምሥራቅ የዘመን መቁጠሪያ እንስሳት የተሰየሙ ናቸው። ልጆቹ ማን ቶሎ ይሠራቸዋል እያሉ ይወዳደሩባቸዋል፤ እኔም ቢሮዬ የመጣ ልጅ አስተምሮኝ ስድስተኛው ላይ ጣቴ ተቆላለፈ። ስለ ጠበሉ ከንስሐ አባትሽ ጋር ተመካከሪ፤ እኔ አልገባበትም። ብቻ ልጁ ጋኔን አለብህ ተብሎ ተከሶ የሚሄድ እንዳይሆን።

አሁን ወደ ሁለት ትዕይንቶች ልውሰድሽ። ናሩቶ ካደገ በኋላ፣ ሞቶ የቀረው አባቱ በልጁ ልቡና ውስጥ ይገለጥለታል። ልጁ አባቱን ሲያገኝ መጀመሪያ ያደረገው ምን ይመስልሻል? በቡጢ ሆዱን አለው። እያለቀሰ። በገዛ ልጅህ ላይ እንዴት እንዲህ ታደርጋለህ ነው ነገሩ። አባትየው አልተቆጣም፤ «ለመንደሩ ስል ነው፣ ለአንተም ስል ነው» ብሎ አልተሟገተም። ቡጢውን ተቀበለ።

ቆይቶ ደግሞ እናትየው ትመጣለች። ናሩቶ ያቅፋታል። ቁጭ ብላ ታወራዋለች፤ ከአባቱ ጋር እንዴት እንደተገናኙ፣ ቀይ ፀጉሯን ሰው ሁሉ ሲያሾፍበት እሱ እንዴት እንደወደደላት፣ ያቺ ሌሊት እንዴት እንደነበረች። በመጨረሻ፣ ልትሞት ስትል ለአራስ ልጇ የተናገረችውን እናያለን። ታላቅ ንግግር እንዳይመስልሽ። ምግብ አትምረጥ፣ በደንብ ብላ፣ በየቀኑ ታጠብ፣ አታምሽ፣ ጓደኛ ያዝ፣ ትምህርትህን ተማር ነው የምትለው። ትዝ አለሽ? ስምንት ዓመት ከቤሩት ስትይው የኖርሽው ነው። ልጅሽ ይህን ትዕይንት ስንቴ እንዳየው አላውቅም፤ አንዴ አይቶት ብቻ ያለፈው ግን አይመስለኝም።

ኩሺና ግን ከምክሩ በኋላ የጨመረችው አለ። ከአንተ ጋር ብዙ ብሆን ደስ ይለኝ ነበር፣ እወድሃለሁ ትለዋለች። ደብዳቤሽን ይህን ፈልጌ ደግሜ አነበብኩት። የትምህርት ቤቱ ክፍያ አለ፣ ጫማው አለ፣ ስልኩ አለ። እንደናፈቀሽ የሚናገር አንድ መስመር አላገኘሁም። አልናፈቀሽም ማለቴ አይደለም፤ በናፍቆት ተቃጥለሽ እንደከረምሽ አልጠራጠርም። ለእኔ ካልጻፍሽው ግን ለእሱም አልነገርሽው ይሆናል ብዬ እፈራለሁ።

ከልብ ልነግርሽ የምፈልገው አንድ ነገር ይኸውልሽ። «ላንተ ብዬ ነው የተሰደድኩት» የሚለው ቃል እውነት ነው። ከአንቺ አፍ ሲወጣ ፍቅር ነው፤ ልጁ ጆሮ ሲደርስ ግን ይገለበጣል። «ላንተ ብዬ ሄድኩ» ያልሽው እሱ ጋ «ባንተ ምክንያት ሄድኩ» ሆኖ ይሰማል። «ላ» ወደ «ባ» ዞረች፣ አለቀ። የአራት ዓመት ልጅ የኑሮ ውድነት አያውቅም፤ እናት ከሄደች አንድ ያጠፋው ነገር አለ ብሎ ነው የሚያስበው። ሲያድግ ደግሞ ያው ቃል ዕዳ ይሆንበታል። ማንም ሳይጠይቀው በስሙ የተበደሩት፣ በስምንት ዓመት የሰው ቤት ጉልበት የተቆጠረ ዕዳ። እንዲህ ያለ ባለ ዕዳ መቆጣት አይችልም። መናፈቅም አይችልም፤ «ምን ጎደለህና?» ይባላላ። ምስጋና ብቻ ነው የሚጠበቅበት። የሚያመሰግንሽ ልጅ ሊኖርሽ ይችላል፤ እማዬ የሚልሽን ግን በዚህ መንገድ አታገኚውም።

ታዲያ ያልተፈቀደለትን ቁጣ የት ይውሰደው? አባቱን በቡጢ የሚመታ ልጅ ባለበት ታሪክ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ልጆች ታሪክ የሚወዱት ከኑሮ ለመሸሽ ነው የምንለው ነገር ግማሹን ብቻ ነው የሚነግረን። ቤት ውስጥ ያልተመለሰላቸውን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ሲያገኙ ነው 720 ክፍል ተቀምጠው የሚያዩት። ልጅሽ «ለምን ትተሽኝ ሄድሽ?» ብሎሽ አያውቅም፤ ብሎሽ ቢሆን ትጽፊልኝ ነበር። ናሩቶ ጠየቀለት።

በ1950ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ ጄምስ ሮበርትሰንና ጆን ቦውልቢ የሚባሉ ተመራማሪዎች ከእናታቸው የተለዩ ሕፃናትን ሲከታተሉ ያዩት ነገር አለ። ሕፃኑ መጀመሪያ ያለቅሳል፣ ይፈልጋል። ቀጥሎ ተስፋ ይቆርጣል። ከዚያ ይረጋል፤ የተሻለው ይመስላል። እናትየዋ ስትመጣ ግን እንግዳ ያደርጋታል፣ ፊቱን ያዞራል። ጥላቻ አይደለም፤ የጠበቀው ሲዘገይበት ልቡን ዘግቶ መቀመጡ ነው። ልጅሽ በስምሽ የሚጠራሽ ባለጌ ሆኖ አይመስለኝም።

ደግሞ በግማሽ መስመር ያለፍሽው ሐዘን አለ። «እናቴ ካረፈች ወዲህ ብሶበታል» ብለሽ ወዲያው ወደ ካርቱኑ ተመለስሽ። እህቴ፣ ጥቅምት ላይ የሞቱት የአንቺ እናት ብቻ አልነበሩም። እማዬ የሚላቸው እሳቸው ነበሩ። አርባ ሲወጣ እንግዳው «እናትሽን ነፍስ ይማር» እያለ ሲያጽናናሽ፣ ጓዳ ለተቀመጠው ልጅ ያጽናናው ሰው ነበር? ስልኩን ያየው ሐዘን ስላልገባው አይደለም እላለሁ፤ እናት የሞተበትን ልጅ ፍለጋ ነው የገባው። አንቺም የራስሽ ሐዘን አለብሽ፤ ምናልባትም ከሐዘኑ ጋር የማይወራ ትንሽ ቅናት። የተከፈለበት ልጅ የአንቺ፣ «እማዬ» የሚለው ስም የእናትሽ ሆኖ ከረመ። ይህን ማሰብ አያስኮንንሽም።

ስለ ፍንዳታውም ልጠይቅሽ። ሐምሌ 28 ቀን 2012 ዓ.ም. የቤሩት ወደብ ሲፈነዳ ልጅሽ የስምንት ዓመት ልጅ ነበር። ለእሱ እናት ማለት ስልክ ውስጥ ያለች ድምፅ ነበረች። ያቺ ድምፅ ሁለት ቀን ጠፋች። እነዚያን ሁለት ቀናት እሱ ምን ሲያደርግ ዋለ፣ ምን ሲያስብ አደረ? አታውቂም ይሆናል፤ እኔ ደግሞ የሚያውቅ ሰው ቢኖር እናትሽ ነበሩ ብዬ እፈራለሁ። አንቺስ እነዚያን ሁለት ቀናት የት ነበርሽ? ነግረሽዋል?

እንግዲህ ምን ታደርጊ? ጥቂት ነገር ልበል፤ ቤትሽን ስለማላውቀው ከሚሆንሽ ጋር አስተያዪው። ስልኩን አሁን አትቀሚው። አንቺ ራስሽ የኖርሽበት ዕቃ ነው፤ በሐዘን ላይ ከእጁ መንጠቅ ይከብዳል። እንቅልፉ ግን የእውነት ችግር ነው፤ ፈተናም አለበት። ሌሊት ስልኩ ሳሎን እንዲያድር ተስማሙ፤ የአንቺም ስልክ አብሮ ይደር። ብትችዪ አንድ ክፍል አብረሽው እዪ። አትጠይቂው፣ አታስተምሪው፤ «ይቺ ማን ናት?» ብቻ በይው። እንዲህ ያሉ ልጆች ስለራሳቸው አንድ ቃል የማያወጡትን ስለ ናሩቶ ሁለት ሰዓት ሲያወሩ አይቻለሁ። እኔም አብዛኛውን ያወቅኩት ከእነሱ ነው።

ከዚያ ሲመችሽ የራስሽን ታሪክ አውሪው። ሒሳቡን ተዪው። የሄድሽ ዕለት ተኝቶ ነበር ወይስ ነቅቶ? አውሮፕላን ውስጥ ምን ተሰማሽ? የሰው ልጅ ስታጥቢ፣ ስታበዪ ምን ታስቢ ነበር? እነዚያ ሁለት ቀናትስ? ቢቆጣሽ፣ ክፉ ቃል ቢናገርሽ፣ አትሟገቺ። ቡጢው ነው።

አንድ ምሽት አይበቃውም፤ ስምንት ዓመት በአንድ ወር አይካካስም። በአካል ባለሙያ ብታገኙ ደግሞ የተሻለ ነው፤ መጀመሪያ አንቺ ብቻሽን፣ ቀጥሎ ሁለታችሁ። የትምህርት ቤቱ አማካሪ ካለ ከእሱ ጀምሪ፤ ከሌለ ሆስፒታል ሄደሽ የሥነ አእምሮ ክፍሉን ጠይቂ። «አማኑኤል ወሰደችው ይሉኛል» ብለሽ አትፍሪ። ምግብ ከተወ፣ ከቤት መውጣት ካቆመ ወይም መሞትን የሚያነሣ ከሆነ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ያኑ ዕለት ውሰጅው።

ሥዕሉን ቁርጥራጩን ለቅሞ ደብተሩ ውስጥ እንዳስቀመጠው ጽፈሽልኛል። ዛሬ ስትመለሺ ከሱቅ አንድ ስኮች ግዢ። ደብተሩን እንዳትከፍቺበት። ስኮቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪና «እናቱ መሆኗን አላወቅኩም ነበር» በይው።