ትርፏ 500 ዶላር ወዴት ትሂድ?

ሰሞኑን የሚደርሱኝ ደብዳቤዎች በአንድ ጉዳይ ዙሪያ ይሽከረከራሉ። የመጀመሪያ ቤታቸውን በትልቅ ብድር የገዙ ሰዎች ከወርኃዊው ክፍያ በላይ እየጨመሩ መክፈል ይበጃቸው እንደሆነ ይጠይቃሉ። ከአንዱ በቀር ሁሉም የዋሽንግተን አካባቢ ነዋሪዎች ናቸው። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ።

«እኔና ባለቤቴ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ቤት ከገዛን ሰባት ወራችን ነው። ብድሩ 500,000 ዶላር፣ ወለዱ 6.5 በመቶ፣ ዘመኑ 30 ዓመት ነው። በወር 500 ዶላር ይተርፈናል። እኔ ዕዳው ላይ እንጨምረው እላለሁ፤ እሱ እጃችን ላይ ይቆይ ይላል። ባንክ ያለን ገንዘብ 2,000 ዶላር አይሞላም። ማናችን ነን ልክ?»

በሒሳቡ እርስዎ፣ በዘንድሮው ኑሯችሁ ግን ባለቤትዎ።

ከእርስዎ ልጀምር። የዚህ ብድር ወርኃዊ ክፍያ፣ የቤት ግብርና መድን ሳይጨመርበት፣ 3,160 ዶላር ገደማ ነው። ከመጀመሪያው ወር ክፍያ 2,708 ዶላሩ ወለድ ሆኖ ሄዷል። ከዋናው ዕዳ የተቀነሰው 452 ዶላር ብቻ ነው። ስለዚህ 500 ዶላር ሲጨምሩበት በዚያ ወር ከዕዳው የሚቀነሰው ከእጥፍ በላይ ይሆናል ማለት ነው። ከመነሻው ጀምሮ ሳያቋርጡ ቢጨምሩ 30 ዓመቱ ወደ 20 ዓመት ከ10 ወር ይወርዳል፤ 225,000 ዶላር ያህል ወለድም ይቀርላችኋል። ይህን ቁጥር አይቶ ልቡ የማይነሣሣ ሰው አላውቅም።

ወደ ባለቤትዎ ልምጣ። ዋናው ዕዳ ላይ የገባ ገንዘብ ግድግዳ ውስጥ እንደተለሰነ ገንዘብ ነው። የውኃ ማሞቂያው ቢፈነዳ ወይም ከሁለታችሁ የአንዳችሁ ሥራ ቢቋረጥ፣ አበዳሪው «ባለፈው ዓመት 6,000 ዶላር ጨምራችሁ ከፍላችሁልኛልና የዚህን ወር ምሬያችኋለሁ» አይልም። ቀኑ ሲደርስ 3,160ውን ይጠብቃል። ያስገባችሁትን መልሳችሁ ለማውጣት ቤቱን አስይዛችሁ ሌላ ብድር መጠየቅ ይኖርባችኋል፤ ሥራ ለፈታ ሰው ደግሞ ማን ደፍሮ ያበድራል? አሁን ያላችሁ 2,000 ዶላር የአንድ ወር ክፍያ እንኳ አይሸፍንም።

እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። ከ20 በመቶ በላይ ወለድ የሚቆጥር የክሬዲት ካርድ ዕዳ ካለ መጀመሪያ እሱን እዘጋለሁ። አሠሪያችሁ ለጡረታ ቁጠባችሁ የሚያዋጣው ድርሻ ካለ፣ እሱን ሙሉ በሙሉ ለማግኘት የሚበቃውን ያህል እቆጥባለሁ፤ ያ በነፃ የሚሰጥ ገንዘብ ነው። ከዚያ 500 ዶላሯን የአራት ወር ሙሉ ወጪ እስኪሞላ ድረስ ጥሩ ወለድ በሚከፍል የቁጠባ ሒሳብ አጠራቅማለሁ። ከሁለት ዓመት በላይ ይፈጃል። ይፍጅ። ዕዳው ላይ መጨመሩ ከዚያ በኋላ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ባለቤትዎ የሚከራከሩበት ነገር አይኖራቸውም።

«በየወሩ 300 ዶላር ትርፍ እልካለሁ፤ ዕዳዬ ግን የተለየ ቅናሽ አያሳይም። አበዳሪዎቼ እያታለሉኝ ይሆን?» (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ላይሆን ይችላል። እኔም በዚሁ ስሕተት ስምንት ወር ኖሬአለሁ። በየወሩ 300 ዶላር እጨምር ነበር፤ ድምሩ 2,400 ዶላር። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቡናው እስኪፈላ ብዬ ወርኃዊውን መግለጫ ማእድ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። «ቀጣይ ክፍያ የሚጠየቅበት ቀን» የሚለው በአንድ ወር ወደፊት ተገፍቷል። 1,900 ዶላሩ በወርኃዊ ክፍያነት አስቀድሞ እንደተከፈለ ተቆጥሯል። ቀሪው 500 ደግሞ «ያልተመደበ ገንዘብ» በሚል መስመር ላይ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። ከዋናው ዕዳ በትርፍነት የተቀነሰ አንድ ዶላር እንኳ አልነበረም። ለማስተካከል ሁለት ስልክና አንድ ደብዳቤ ፈጀብኝ።

በድረ ገጽ ሲከፍሉ «አዲሽናል ፕሪንሲፓል» (ለዋናው ዕዳ ተጨማሪ) የሚል የተለየ ሳጥን ይፈልጉና ትርፉን እዚያ ይጻፉ። በቼክ ከሆነ ትርፉን ለብቻው በሌላ ቼክ ይላኩ፤ በማስታወሻው መስመር ላይም የብድሩን ቁጥርና ገንዘቡ ለዋናው ዕዳ ብቻ መሆኑን ይጻፉ። በሚቀጥለው ወር መግለጫ ላይ የዋናው ዕዳ ቅሪት 300 ዶላሩን ጨምሮ መቀነሱን ሳያረጋግጡ ሌላ 300 አይላኩ።

«የዕቁባችን ሦስተኛው ዕጣ ለእኔ ወጣ። 12 ሰዎች ነን፤ በወር 2,000 ዶላር እንጥላለን። 24,000ውን እንዳለ ቤቱ ላይ ላድርገው?»

እንኳን ደስ ያለዎት። ግን የራስዎ የሆነው ስንቱ ነው? እስካሁን የጣሉት 6,000 ዶላር ነው። 18,000ው የጓደኞችዎ ገንዘብ ስለሆነ ገና ዘጠኝ ወር ይጥሉለታል። እርግጥ ወለድ በሌለው የዕቁብ ገንዘብ ወለድ ያለበትን ዕዳ መቀነስ በሒሳብ ያዋጣል። ደመወዝዎ አስተማማኝ ከሆነና በባንክ ሌላ መጠባበቂያ ካለዎት አልከለክልዎትም። መጠባበቂያ ከሌለዎት ግን ቢያንስ ግማሹን ያስቀሩ። አንድ ወር ሳይጥሉ ቢቀሩ ዳኛው በመጀመሪያ የሚደውለው ለዋስዎ ነው፤ ዋስዎ ደግሞ ምናልባት የልጅዎ ክርስትና አባት ናቸው።

ከከፈሉ «ሪካስት» የሚባለውን ይጠይቁ። በአንድ ጊዜ ጠቀም ያለ ገንዘብ ሲገባ አበዳሪው ወለዱንና ዘመኑን ሳይነካ ወርኃዊውን ክፍያ በቀረው ዕዳ ልክ እንደገና ያሰላል። የአገልግሎት ዋጋው ብዙውን ጊዜ ጥቂት መቶ ዶላር ነው። ወለድዎ 6.5 በመቶ ከሆነና ብድሩ ገና አዲስ ከሆነ 24,000 ዶላር ወርኃዊውን በ150 ዶላር ገደማ ያወርደዋል። ሳይጠይቁ ዝም ብለው ከከፈሉ ግን ዕዳው ቶሎ ያልቃል እንጂ የየወሩ ክፍያ አይለወጥም። የኤፍኤችኤ (የፌዴራሉ መንግሥት መድን የገባለት) እና የቪኤ (ለወታደሮችና ለቀድሞ ወታደሮች የሚሰጥ) ብድር ያለው ሰው ይህን ዕድል በአብዛኛው አያገኝም።

«400,000 ዶላር የሚያወጣ ቤት 5 በመቶ ቅድመ ክፍያ ሰጥተን ገዛን። በየወሩ 190 ዶላር ‹ፒኤምአይ› እየተባለ ይቆረጥብናል። መቼ ነው የሚያበቃው?»

ይህ መድን እናንተን አይጠብቅም፤ እናንተ መክፈል ቢያቅታችሁ አበዳሪውን የሚክስ ነው። ትርፍ መክፈል ከሁሉ ይበልጥ የሚያዋጣውም እንደ እናንተ ላለ ሰው ነው፤ ወለዱን ይቀንሳል፣ 190 ዶላሯንም ያስቀራል።

በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣው የፌዴራል ሕግ እንደሚለው፣ ዕዳው ከቤቱ የመጀመሪያ ዋጋ ወደ 80 በመቶ ሲወርድ መድኑ እንዲቋረጥ መጠየቅ ትችላላችሁ። በእናንተ ቤት 320,000 ዶላር መሆኑ ነው፤ ከ380,000 ተነሥታችሁ 60,000 መክፈል ይኖርባችኋል። 78 በመቶ ላይ፣ ማለትም 312,000 ላይ፣ መድኑ በራሱ ይቋረጣል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «በራሱ» የሚባለው ቀን የሚቆጠረው ብድሩ ሲጀመር በወጣው የክፍያ ሰንጠረዥ ነው። ትርፍ ከፍላችሁ አምስት ዓመት ቀድማችሁ ብትደርሱም ሰንጠረዡ አያውቅላችሁም። ስለዚህ 320,000 ላይ እንደደረሳችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። ክፍያ ሳታዘገዩ የቆያችሁ መሆን አለባችሁ፤ አበዳሪው የቤቱ ዋጋ አለመውረዱን የሚያሳይ ግምት ሊጠይቃችሁም ይችላል።

ይህ ሁሉ ለመደበኛ ብድር ነው። ብድራችሁ የኤፍኤችኤ ከሆነ ነገሩ ይለያል። ከሰኔ 2013 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከ10 በመቶ በታች ቅድመ ክፍያ የሰጠ ተበዳሪ የመድን ክፍያውን እስከ ብድሩ ፍጻሜ ይከፍላል። ማምለጫው ብድሩን በሌላ ዓይነት ብድር መተካት፣ ሪፋይናንስ ማድረግ ነው። አንድ ዶላር ከመጨመራችሁ በፊት የብድሩን ውል አውጥታችሁ የትኛው እንደሆነ እዩ።

«አንድ ድርጅት 400 ዶላር ብከፍለው በየሁለት ሳምንቱ ግማሽ ግማሽ እየከፈልኩ ዓመታት እንደምቆጥብ ጻፈልኝ።»

400 ዶላሩን ለራስዎ ያስቀሩት። ዓመቱ 52 ሳምንት ነው፤ 26 ግማሽ ክፍያ 13 ሙሉ ክፍያ ይሆናል። ምሥጢሩ ይኸው ነው። ወርኃዊ ክፍያዎን ለ12 ያካፍሉና ድርሻውን በየወሩ ዋናው ዕዳ ላይ ይጨምሩ፤ ያው ነው።

«ለንደን ነው ያለሁት። ቀሪ ዕዳዬ 300,000 ፓውንድ ነው፤ ለአምስት ዓመት በቋሚ ወለድ የተያዘ። ያሻኝን ያህል መክፈል እችላለሁ?»

አይችሉም። እዚያ አብዛኞቹ አበዳሪዎች በቋሚ ወለድ ዘመን በዓመት የዕዳውን 10 በመቶ ብቻ በትርፍነት ይቀበላሉ፤ ለእርስዎ 30,000 ፓውንድ ገደማ ነው። ከዚያ ካለፉ በትርፉ ላይ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 5 በመቶ መቀጫ አለ። አምስት ዓመቱ ሊያልቅ ከተቃረበ ገንዘቡን በቁጠባ አቆይተው የዘመኑ ማብቂያ ላይ ያስገቡት፤ ያን ጊዜ መቀጫ የለም። ዕዳው ከቤቱ ዋጋ ከ75 ወይም ከ60 በመቶ በታች ከወረደ ለቀጣዩ ውል የሚሰጥዎት ወለድም ሊቀንስ ይችላል።

«ወለዱ ቋሚ ነው ተብዬ ገዛሁ፤ በሁለተኛው ዓመት ክፍያዬ በ140 ዶላር ጨመረ። ትርፍ በመክፈሌ ነው?» (ከሀያትስቪል፣ ሜሪላንድ)

አይደለም። ቋሚ የሆነው ዋናውና ወለዱ ነው። የቤት ግብሩና መድኑ የሚጠራቀምበት «ኤስክሮው» ግን በየዓመቱ ይሰላል፤ ግብሩ ሲያድግ እሱም ያድጋል። ሜሪላንድ ውስጥ ባለቤቱ ለሚኖርበት ቤት «ሆምስቴድ ታክስ ክሬዲት» የሚባል አለ፤ ግብር የሚጣልበት ግምት በዓመት ከ10 በመቶ በላይ እንዳያድግ ይገድባል፤ ከዚያ ዝቅ ያለ ጣሪያ ያደረጉ ካውንቲዎችም አሉ። ያላመለከተ ሰው አያገኘውም። ማመልከቻው የሚሞላው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የገዙ ዕለት ከፈረሙት የወረቀት ክምር ውስጥ መኖሩን ዛሬ ማታ ይፈልጉ፤ ከሌለ ለስቴቱ የግምት መሥሪያ ቤት ያስገቡ።