ሰብ እየያዝክ ማኔጅመንት መማር ያዋጣል ወይ?

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ላላዩት ባጭሩ ልድገመው። ጎንደር ውስጥ የሴራሚክና የጂፕሰም ሥራ ከኮንትራክተሮች በሰብ፣ ማለትም በንዑስ ኮንትራት ትይዛለህ። ቅጥር አይደለህም። በካሬ ትዋዋላለህ፣ የራስህን ልጆች ይዘህ ትገባለህ፣ ስትጨርስ ትወጣለህ። አሁን ቅዳሜና እሁድ ማኔጅመንት ልማር ብለሃል። ባለቤትህ "ተማር" ትላለች፣ ጓደኛህ "ብርህን አትጣል" ይላል።

እኔ እዚሁ ጎንደር የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ነው የምሠራው፤ እንዳንተው በሰብ። ሥራውን ሳልተው አካውንቲንግ በኤክስቴንሽን ተምሬ በ2013 ጨርሻለሁ። መልሴን አስቀድሜ ልንገርህ፦ ዘንድሮ ማኔጅመንት አትመዝገብ። አትማር ግን አላልኩም።

መጀመሪያ ይህን ወረቀት ማን እንደሚጠይቅህ አስብ። ሥራ የሚሰጥህ ኮንትራክተር አይጠይቅህም። እሱ የሚያየው ባለፈው ሕንፃ ላይ ያነጠፍከው ሴራሚክ መስመሩን ጠብቆ እንደሆነ ነው። ከዚያ ደግሞ ፎርማኑን "ልጁ እንዴት ነው? ሥራ ጥሎ ይሄዳል?" ብሎ ይጠይቃል። አለቀ። ነገ ደረጃ አውጥቼ ራሴ ኮንትራክተር እሆናለሁ ብትልም የሚጠየቀው መሐንዲስ፣ መሣሪያና ካፒታል ነው። የማኔጅመንት ዲግሪህ መሐንዲሱን አይተካልህም። ባንክ ብትሄድ መያዣህን፣ የሒሳብ እንቅስቃሴህንና የግብር ክሊራንስህን ያያሉ። ስለ ዲግሪህ የሚያነሳ የለም።

ወረቀቱን የሚጠይቅህ ቀጣሪ ብቻ ነው። ባለቤትህ ልክ የምትሆነውም እዚህ ጋ ነው።

ሴራሚክ የሚያነጥፍ ሰው ቀኑን ሙሉ ተንበርክኮ ነው የሚውለው። ዛሬ 29 ዓመትህ ነው፣ ምንም አይሰማህም። አሥራ አምስት ዓመት ቆይቶ ጉልበትህና ወገብህ ምን እንደሚሉ ከአንተ የሚቀድሙትን ባለሙያዎች ጠይቅ። ሕጉም ከጎንህ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ቁጥር 1156/2011 በራሱ የንግድ ሥራ ወይም የሙያ ኃላፊነት በዋጋ የሚሠራን ሰው ከሽፋኑ ውጭ አድርጎታል። ያ ሰው አንተ ነህ። የዓመት ፈቃድ የለህም፣ የሥራ ስንብት ክፍያ የለህም። በግል ድርጅት የተቀጠረ ሰው ከደመወዙ 7 በመቶ ለጡረታ ሲቆረጥበት አሠሪው 11 በመቶ ይጨምርለታል። ለአንተ የሚጨምርልህ የለም። ስለዚህ "አንድ ቀን ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ የምሠራው ሥራ ያስፈልገኛል" ብለህ ከሆነ የተነሳኸው፣ ሐሳቡ ትክክል ነው።

ችግሩ ማኔጅመንት ያንን ወንበር ይሰጥሃል ወይ ነው። እስቲ ከተማውን ተመልከት። በየዓመቱ ስንት ልጅ ማኔጅመንት ጨርሶ ይወጣል? እኔ ጋ ቱቦ የሚቀብሩና ሽቦ የሚስቡ ተመራቂዎች አሉ። ጎበዞች ናቸው፣ ሰነፍ ሆነው አይደለም። ቢሮው ግን ለሁሉም አይበቃም። አንተ ከእነሱ ጋር ለአንድ ክፍት የሥራ ቦታ ተሰልፈህ፣ በዕድሜም በልጠሃቸው፣ የቢሮ ልምድ ሳይኖርህ ነው የምትወዳደረው።

አሁን ወደ ብሩ እንምጣ። ጓደኛህ የሚያሰላው የኮሌጁን ክፍያ ነው። ትልቁ ወጪ ግን ቅዳሜ ነው።

ቅዳሜ ሳይት ላይ ምን እንደሚደረግ ከእኔ በላይ ታውቃለህ። ለልጆቹ ይከፈላል። የሳምንቱ ልኬት ይወሰዳል። የሰኞ ዕቃ ይታዘዛል። አንተ ክፍል ከሆንክ ይህን ማን ይሠራልሃል? እኔ እየተማርኩ ሳለ አንድ ሳይት ላይ በሌለሁበት ልኬት ተወሰደ። ሦስት ክፍል ሙሉ "አላለቀም" ተብሎ ተቆረጠብኝ። የጎደለው የማብሪያ ማጥፊያ ክዳን ብቻ ነበር። ተከራክሬ ከፊሉን አስመለስኩ፣ ከፊሉ እዚያው ቀረ። ከዚያ በኋላ ልኬት የሚያውቅ ልጅ በቋሚነት ቀጥሬ ነው ትምህርቱን የጨረስኩት። የልጁ ደመወዝም የትምህርቱ ወጪ ነው፣ ማንም አይቆጥረውም እንጂ።

ወራቱም አይመቹም። የግንባታ ሥራ የሚደምቀው ከጥቅምት እስከ ግንቦት ነው። ትምህርቱም ያን ጊዜ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ሥራ ሲቀዘቅዝብህ ትምህርቱም ባብዛኛው ይቀዘቅዛል። ከዚህ ላይ በዓሉን ጨምር። በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔዓለም፤ አንተ ልሥራ ብትል የቤቱ ባለቤት አያሠራህም። ጥር ላይ ከከተራ ጀምሮ ደግሞ ጎንደር ላይ ሳይት የሚገባ ሰው ካለ አሳየኝ! ከዚህ ሁሉ የተረፈውን ቅዳሜ ነው ለክፍል የምትሰጠው።

በቁጥር ልየው ካልክ፣ እንበል ቅዳሜ ሳይት ላይ በመገኘትህ 1,500 ብር ይተርፍሃል። በሴሚስተር 16 ቅዳሜ ቢሆን 24,000 ነው። በዓመት 48,000። ኤክስቴንሽን አምስት ዓመት ቢወስድብህ 240,000 ብር። ይህ ከኮሌጁ ክፍያ ውጭ ነው። 1,500ዋን አውጥተህ የራስህን ቁጥር አስገባበት።

ፈተናውንም አትርሳ። ከ2015 ጀምሮ የመንግሥትም ሆነ የግል ተቋም ተማሪ ዲግሪውን ለማግኘት የመውጫ ፈተና ማለፍ አለበት። ማለፊያው 50 በመቶ ነው። እኔ ከዚያ በፊት ስለጨረስኩ አልደረሰብኝም። ቀን ሲሚንቶ ሲያቦካ ውሎ ማታ የሚያነብ ሰው ግን ይህንንም ከሒሳቡ ያስገባ።

"ታዲያ አንተ ለምን ተማርክ? ምንስ ጠቀመህ?" ማለትህ አይቀርም። ጠቅሞኛል። ግን ሁሉም አይደለም። ሳይት ላይ ይዤው የገባሁት የጥቂት ኮርሶችን ትምህርት ነው። አንደኛው ኮስት አካውንቲንግ ነው። ብዙዎቻችን በካሬ ስንዋዋል የምናስበው የልጆቹን የቀን ክፍያና ለራሳችን የሚተርፈውን ነው። የግራይንደሩ ዲስክስ? ግራይንደሩ ራሱ ሲያረጅ የሚተካበት ብርስ? የባጃጁ፣ ሲሚንቶ አልመጣም ተብሎ ቁጭ ያላችሁበት ቀን፣ ባለቤቱ "ይህ ቀለም አልወደድኩትም" ብሎ ያስነሳው ሴራሚክ፣ እስከ ርክክብ የሚያዝብህ መያዣ፣ እነዚህ ሁሉ የካሬው ዋጋ ውስጥ መግባት አለባቸው። ይህን ቁጭ ብዬ በወረቀት ከሠራሁ በኋላ የተውኳቸው ሥራዎች አሉ። ከውጭ ሲታዩ ትልልቅ ነበሩ፣ ውስጣቸው ግን ባዶ ነበር።

ሁለተኛው ግብር ነው። ኮንትራክተሩ ሲከፍልህ ዊዝሆልዲንግ፣ ማለትም ከክፍያህ ላይ አስቀድሞ የሚያዝ ግብር ይቆርጣል። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መጀመሪያ ሲወጣ 2 በመቶ ነበር፤ ቲን (የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር) ለሌለው ሰው ግን 30 በመቶ። የተቆረጠው ብር ጠፋ ማለት አይደለም። ደረሰኙን ከያዝክ፣ ሰኔ 30 ዓመቱ ሲዘጋ ከምትከፍለው ግብር ላይ ይቀነስልሃል። ስንቱ ሰብ ነው "ቆርጠንብሃል" ሲባል ደረሰኝ ሳይቀበል አመስግኖ የሚወጣው? ያ ሰው አንዱን ግብር ሁለቴ ከፈለ ማለት ነው።

ሦስተኛው የንግድ ሕግ ክፍል ነው፤ ስለ ውል ያለው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ በጽሑፍ የሚደረግ ውል የተዋዋዮቹ ፊርማና ሁለት ምስክሮች ያስፈልጉታል። የእኛ ሰው "እኔና አንተ ምን ወረቀት ያስፈልገናል" ይልሃል። የምትወደው ሰው ቢሆንም አጻፈው።

እውነቱን ለመናገር ግን ከውል ጋር በተያያዘ በጣም የጠቀመኝን ነገር ክፍል ውስጥ አልተማርኩትም። ሐምሌ 2016 ማብቂያ ላይ የውጭ ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ሲባል፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ጊዜ 100 አለፈ። ኬብልና ብሬከር ምን እንደሆነ ታስታውሳለህ። እኔ ዕቃ ጨምሬ የተዋዋልኩት ሥራ እጄ ላይ ነበር። ውሉ ላይ ግን "የዕቃ ዋጋ ከጨመረ ልዩነቱን አሠሪው ይሸፍናል" የሚል መስመር ነበረበት። ያን መስመር አስገባ ያለኝ አንድ ሽማግሌ ፎርማን ነው። ጋሼ ከስምንተኛ ክፍል አላለፉም።

ሎጂክ፣ አንትሮፖሎጂ፣ ሳይኮሎጂ፣ የመጀመሪያው ዓመት ኮርሶች ደግሞ ለዕውቀት ጥሩ ናቸው። አልጠላኋቸውም። የካሬ ዋጋ ግን አይነግሩህም።

እኔ በአንተ ቦታ ብሆን መጀመሪያ አጭር የኤክሴልና የፒችትሪ (የሒሳብ መዝገብ መያዣ ሶፍትዌር) ሥልጠና እወስዳለሁ። ከዚያ የአንድ ዓመት ገቢና ወጪዬን ራሴ እጽፋለሁ። በአምስት ዓመት የምትማረውን ያህል አይሆንም፤ ለሥራህ የሚሆነውን ግን ታገኝበታለህ። ከትምህርቱ ከሚተርፈው ብር ላይ ለጉልበትህ ዘመን የሚሆን ቁጠባ በየወሩ አስቀምጥ፤ ዕቁብም ቢሆን። ሥራው ከሰፋ ደግሞ በ2013 የወጣው የንግድ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ይፈቅዳል። የድርጅቱ ዕዳ እስከ ቤትህ እንዳይመጣ የሚያደርገው እሱ ነው እንጂ ዲግሪ አይደለም።

ዲግሪው ራሱ ነው የምፈልገው ካልክ ሁለት ነገር ልበልህ። ከግንባታ ሳትወጣ ማደግ ከፈለግህ ኮንስትራክሽን ቴክኖሎጂና ማኔጅመንት ይሻልሃል፤ ሳይት ላይ ኮተም የምንለውን። ልኬት፣ ክፍያ ሰርተፊኬት፣ የጨረታ ሰነድ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ አለ፣ ልምድህም አይባክንም። ከግንባታ መውጣት ከሆነ ሐሳብህ አካውንቲንግ ያዝ። ቢያንስ የሌሎች ሰቦችን ሒሳብ እየሠራህ የምትኖርበት ሙያ ነው። እኔም አሁን የተወሰነ ገቢዬ ከዚያ ነው።

መቼ ነው "ተመዝገብ" የምልህ? ቅዳሜ በሌለህበት የሚለካና የሚከፍል፣ የምታምነው ሰው ስታገኝ። ያ ሰው ከሌለህ የትኛውንም ትምህርት አትጀምር፤ ሥራውም ትምህርቱም ይበላሻል።

ይህን ለባለቤትህም አንብብላት። እሷን ያሳሰባት የወረቀቱ ጉዳይ አይመስለኝም፣ ነገ ብትታመም ምን እንደምትሆኑ ነው። የቁጠባውን ሐሳብ ስትሰማ ምን እንደምትል እይ።

እንዲህም ሆኖ ልብህ ማኔጅመንት ላይ ከሆነ፣ ብር ሳትከፍል በፊት የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ ሂድና የሁሉንም ዓመት የኮርስ ዝርዝር ጠይቅ። ቀጥሎ ባለፈው ወር የጨረስከውን አንድ ሥራ ወጪውን ዘርዝረህ የካሬ ዋጋህን እዚህ ጻፍልን። የፊኒሺንግ ልጆች እዚህ ብዙ ስላሉ አብረን እናየዋለን።